ሰባተኛው ብልቃጥ

አቦቦ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ፀዳለ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታው ብቻውን አንድ ገጽ መፍጀቱን ሳይ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ልትለምነኝ ነው አልኩ፤ አልተሳሳትኩም። ለማንኛውም እኔ ደህና ነኝ። አባትሽንም ባለፈው እሑድ ጋምቤላ ወርጄ ኒውላንድ ሰፈር አግኝቼዋለሁ። ጡረታ ውጣ ሲሉት ክሊኒኩን ማን ይከፍተዋል እያለ ይቆጣል። ደሞዝን ታውቂው የለ፣ መርፌ ካልወጋ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሥራውን እሺ ብያለሁ። እምቢ የምል መስሎሽ ነበር? የሽንኩርት ሥር በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም? ሳታዪ ሥዕሉን ከመጽሐፍ ገልብጠሽ ብታመጪ ደብተርሽን በክፍሉ ፊት የቀደድኩብሽም እኔው ነኝ። ያላየሽውን አትጻፊ ብዬሽ ስታለቅሺ ዛሬም ይታየኛል። ይኸው ለዚህ በቃሽ።

አሁን የነገርሽኝን በራሴ ቃል ልድገመውና ከተሳሳትኩ እርሚኝ። በሩዝ ሥር ጫፍ ያለ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት አንድ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተከፈል ይለዋል፤ ከዚያ ሴሉ ራሱ ያጠፋዋል። ቀድሞ ቢመጣ ወይም ቢዘገይ መከፈሉ ይቀራል፣ አለዚያም ይበላሻል። ልክ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ነው፤ በሰዓቱ ካልተደወለ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተበትነው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ላይ ሩዙ ደወሉን የሚደውለው ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ መሆኑን አይተሻል። በእኛ ሙቀትስ ስንት ሰዓት ላይ ይደውላል? ጥያቄሽ ይኸው ነው። ስለዚህ ሩዙን ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ በ9ኛው ቀን እነክራለሁ፤ በ12 ደግሞ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ የሥሩን ጫፍ በምላጭ እየቆረጥኩ በላክሽው መድኃኒት ውስጥ እጨምራለሁ። ሰባት ብልቃጥ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቀኑ የግድ 12 መሆን አለበት ወይ? 11 ወይም 13 ቢሆን ምን ይላል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

የምሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ተቀይሮለታል። ወይዘሮ ኛዴንግ ትባላለች። ክልሉ የራሱን ሰዎች እየሾመ ነው። ደግ ነው ይላሉ፤ እኔም ደግ ነው እላለሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ረዳት ሰጥታኛለች፤ ዱዋል ይባላል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሥራ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ እጄን ያያል። ሲያየኝ ደስ አይለኝም።

ጥዑመልሳን


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ጥዑመልሳን፣

ደብተሬን ባይቀድዱብኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልደርስም ነበር። አሁንም ግን ያንን ቀን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ቀኑን ስለጠየቁኝ ነገር፦ የፕሮቲን መለኪያው ማሽን የሁላችንም ነው፤ የእኔ ተራ በየወሩ ከ15 እስከ 20 ነው። ከ12 በፊት ከተቆረጠ ፕሮቲኑ መድኃኒቱ ውስጥ ይደበዝዛል፤ ከ12 ካለፈ ደግሞ ጥቅሉ ለተራዬ ላይደርስልኝ ይችላል። ለምን እንደጠየቁኝ አልነገሩኝም። ችግር ካለ ይንገሩኝ፤ ሌላ ሰው ይቆርጥልን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

አዲስ አበባ የመምጣትዎንም ጉዳይ አልረሳሁም። አማካሪዬ ዶክተር ዘርአብሩክ፣ ሥራው ጥሩ ከወጣ ለላቦራቶሪው አንድ ቴክኒሻን እንደሚቀጥሩ ነግረውኛል። ከአቦቦ ሰው ቢወስዱ እንደማይጠሉ በዘዴ አውጣጥቻቸዋለሁ። እኔም ብሆን በዚህ ሥራ ላይ ነው የተንጠለጠልኩት። ከመስከረም ጀምሮ ስዊድን ሄዶ የመማር አንድ ዕድል አለ፤ የምንወዳደረው እኔና ረታ የሚባል ልጅ ነን። ረታ ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ብሏል።

እጅዎን እስማለሁ።

ፀዳለ


አቦቦ፣ ኅዳር 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ፀዳለ፣

ሌላ ሰው አያስፈልግም። ሰባቱም ተሞልተዋል፤ ሰዓቱን በየብልቃጡ ላይ ጽፌበታለሁ። ጥቅሉን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ እዚያ ለምትሠራው ለሀሌሉያ በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ ተማሪዬ ስለነበረች ትጠነቀቅልኛለች። ዛሬ ረጅም የምጽፍበት ልብ የለኝም።

ጥዑመልሳን


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቁጭ ብለው ያንብቡት። ሰባቱም ብልቃጥ እኩል ነው! ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓቱም፣ የእኩለ ቀኑም፣ የምሽቱም አንድ ዓይነት የፕሮቲን መጠን ነው ያለው። ከፍ ዝቅ የለም። የአዲስ አበባው ግራፍ ተራራ ነው፤ የእርስዎ ሜዳ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። በሙቀቱ ሩዙ ሰዓቱ ጠፍቶበታል ማለት ነው። ይህንን እስከማውቀው ድረስ ማንም አላየውም። ዶክተር ዘርአብሩክ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

አንዲት ጥያቄ ብቻ። ሥሮቹ አጫጭር ናቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እነዚህ አንድም አይሞሉ። ምን ይመስልዎታል?

ደስ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ተማሪዎ፣

ፀዳለ


አቦቦ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ፀዳለ፣

ውሃው ነው። ዘሩን የምነክረው ከአልዌሮ ግድብ በተቀዳ ውሃ ነው፤ ደለል አለበት፤ ሥር ያሳጥራል። ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

የታኅሣሡንም ጥቅል ልኬልሻለሁ። ደስ ስላለሽ ደስ ብሎኛል። ግን ቀስ በይ። ሰው ሁሉ ወንበር ስቦ አጠገብሽ ሲቀመጥ ነው ቀስ ማለት።

የእኔን ወሬ ልንገርሽ። ዱዋል ምላጩን ስጠኝ ብሎኛል። «ጋሽ ጥዑመልሳን፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ እኔ ልቁረጥ» አለኝ። አንተ ማለቱን ለምጄዋለሁ፤ አንቱታ አልለመደም እንጂ ሰው አይንቅም። ይኸ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል ብዬ መለስኩት። ሁለት ወር ሙሉ ከአጠገቤ ሳይለይ ያየኝን ሰው! ሄደና ብልቃጦቹን አጥቦ በፀሐይ ደረደራቸው። ንጹሕ አድርጎ ነው የሚያጥብ፣ መመስከር አለብኝ።

ጥዑመልሳን


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

የኅዳሩም፣ የታኅሣሡም፣ የጥሩም ሜዳ ነው። ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሦስቴም ያው ከሆነ በቃ፣ እውነት ነው ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ላይ አቀረብኩት። ጠረጴዛውን ይዤ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ አጨበጨቡልኝ፤ ረታ ሳይቀር። ጽሑፉ በሰኔ ይወጣል፤ ስምዎ ከስሜ ጎን ተጽፏል፦ ፀዳለ ደሞዝ እና ጥዑመልሳን ገብረ ሕይወት። በታይፕ ተመትቶ ሳየው ለአባቴ ስልክ ደወልኩ።

የቴክኒሻኑን ቦታ በተመለከተ አይስጉ። «የአቦቦው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣ?» ብለው የጠየቁኝ ዶክተር ዘርአብሩክ ራሳቸው ናቸው።

ለምን እንደበፊቱ አይጽፉልኝም? የጥር ወሩ ጥቅል ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም።

ፀዳለ


አቦቦ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ፀዳለ፣

ስላልጻፍኩልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የእጅ ሕመም አልነበረብኝም፤ ነበረብኝ ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበርና ተውኩት።

ስሜን ከጽሑፉ አውጪው። ትሕትና አይደለም፤ አደራ ነው የምልሽ። ጽሑፉንም ቢሆን ለሰኔ ከምታደርሺው ለመጪው ዓመት ብታቆዪው ምን ትሆኛለሽ? እንደገና ብታዪው ጥሩ ነው። ሽማግሌ ፈሪ ነው በይና እሺ በይኝ።

እዚህ የሠራተኛ ድልድል ዝርዝር ተለጥፏል። የእኔ ስም ያለው «በጊዜያዊነት» ከሚለው ሥር ነው። ዱዋል ከበላዬ ነው። ሰዎች ሲያነቡት ቆሜ አየሁና ማንም ሳያየኝ ተመለስኩ። አዲስ አበባ መምጣት ምን ያህል እንደምፈልግ አልደብቅሽም። እንዲያም ሆኖ ስሜን አውጪው።

ጥዑመልሳን


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ጥዑመልሳን፣

አደራዎን አልቀበልም ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። አሁን ግን የምጽፈው ሌላ ነው።

ትናንት ጽሑፉን እንዲመረምሩ የተሰጣቸው ሰውዬ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። የፕሮቲኑን ነገር አልጠየቁኝም። የሥሩን ርዝመት ሠንጠረዥ አወጡና፣ «ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተቆረጠው ሥርና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተቆረጠው እንዴት እኩል ሆነ?» አሉኝ። «ሥር በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ አያድግም ወይ?»

ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሚሊሜትር የለካሁት እኔ ነኝ። አላየሁትም፤ ግራፉን ብቻ ነበር የማየው። ውሃው ነው ብዬ ልመልስ ነበር። የአልዌሮ ውሃ ሥር ሊያሳጥር ይችል ይሆናል፤ ከጧት እስከ ማታ ግን አያቆመውም።

ጋሼ፣ መቼ ነው የቆረጡት? ለምን?

ፀዳለ


አቦቦ፣ ግንቦት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ፣

በ12 አልቆረጥኩም። በሦስቱም ወር። ሰባቱን ብልቃጥ በ11 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በአንድ መቀመጫ ቆርጬ ሞላሁና ሰዓቶቹን በየተራ ጻፍኩባቸው። ሰባቱ እኩል የሆኑት አንድ ሰዓት ስለሆኑ ነው። ሥሩ ያጠረው በሁለተኛው ቀን ስለቆረጥኩት ነው። ሩዙ ምንም አልጠፋበትም።

ለምን ብለሻል። በ78 ኅዳር ሰፋሪዎቹን ይዘን አቦቦ ስንገባ ለልጆቻቸው አስተማሪ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። በሚካኤል ዕለት መሬት መንጥሩ ተባለ። ቄሱ ዛሬስ ተዉ ቢል፣ እኔ የተማርኩት ሳቅሁበትና ከሁሉ ቀድሜ ገጀራ አነሳሁ። በማግስቱ ልጄ ዕዝራ በወባ ወደቀ። አሥር ዓመቱ ነበር። ሚስቴ ደመቀች ነፍሷን ይማርና ልጁን ታቅፋ አላናግርህ አለችኝ። አባትሽ መርፌ ወጋው፤ እኔ ደግሞ ለሚካኤል ተሳልኩ፦ ልጄን ብትተውልኝ እስክሞት ድረስ በቀንህ ለምለም ነገር ላይ ምላጭም ሆነ ቢላ አላሳርፍም። ልጁ ዳነ። ያዳነው መርፌው ነው ይላል አባትሽ፤ ተከራክሬው አላውቅም። ዕዝራ ዛሬ አዋሳ መኪና ይነዳል፤ በዓመት አንዴ እንኳ አይጽፍልኝም። ስለቱ ግን የተሳልኩት ከልጁ ጋር አይደለም።

12 ስትዪኝ መናገር ነበረብኝ። ጠይቀሽኝም ነበር። ግን ሳይንስ ያስተማርኩሽ ሰው፣ ጠንቋይ ቤት ትሄዳላችሁ እያልኩ ስሰድባችሁ የኖርኩ ሰው፣ የሩዝ ሥር እንዳልቆርጥ ስለት አለብኝ እንዴት ይበልሽ? ትስቂብኛለሽ ብዬ አፈርኩ።

ይኸ ግን ግማሹ ነው። ዱዋል ያለኝን በሙሉ አልጻፍኩልሽም ነበር። «ሚካኤል ያንተ ነው፣ እኔ ሚካኤል የለኝም። አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ እኔ ልቁረጥ» ነው ያለኝ። ገብቶት ነበር። ሳልነግረው ገብቶት ነበር። ሥራዬን ከቻለ እኔን ምን ያደርጉኛል ብዬ ከለከልኩት። አገሩ የእሱ ሆኗል፣ ኃላፊዋ የእሱ ቋንቋ ትናገራለች፣ ምላጯ እንኳ የእኔ ትሁን አልኩ። ስለቱን በሐቅ እጠብቃለሁ ብዬ ሐሰት ጻፍኩልሽ። የምለምንሽ ይቅርታ የለም።

ጥዑመልሳን


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአቶ ጥዑመልሳን፣

ጽሑፉን አንስቻለሁ። ጉባኤው ላይ ቆሜ የተናገርኩት ስሕተት መሆኑን በዚያው ጉባኤ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ማንም አላጨበጨበም። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የሚካኤልን ነገር መናገር አልቻልኩም፤ ይስቁብዎታል ብዬ። ስለዚህ የአያያዝ ጉድለት ነው አልኳቸው፤ ጉድለቱን የእኔ አድርገው መዘገቡት። የስዊድኑ ዕድል ለረታ ተሰጥቷል። የቴክኒሻኑም ቦታ ተዘግቷል።

አልስቅብዎትም ነበር። 12 ሚካኤል መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እናቴ ዘንድሮም ሻማ ልካለች። ቀኑን ስጽፍ ቁጥር ብቻ ነበር የታየኝ። አንዲት መስመር ቢጽፉልኝ ኖሮ ማሽኑን ከረታ ጋር ቀን ተለዋውጬ እጠቀም ነበር።

ለወይዘሮ ኛዴንግ ለብቻ ጽፌያለሁ። በሰኔ 12 አቶ ዱዋል እንዲቆርጡልኝ ለምኛለሁ። እርስዎ ምላጩን ይስጧቸው።

ፀዳለ ደሞዝ


አቦቦ፣ ሰኔ 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ፀዳለ፣

«አቶ» ብለሽ የጻፍሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ይገባኛል።

ምላጩን ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወይዘሮ ኛዴንግ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም በገዛ አፌ ነገርኳት። ትቆጣለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። «ጋሽ፣ ለምን ዱዋልን አልጠየቅህም?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ዝናብ ነበር። ዱዋል በየሁለት ሰዓቱ ይቆርጥና ብልቃጡን በመስኮት ከፍ አድርጎ ያሳየኛል፤ ልክ ነው ወይ ማለቱ ነው። ልክ ነው እላለሁ። እጁ ከእጄ ይረጋል። ይህንን ለመጻፍ ከባድ ነው፣ ግን አይቼዋለሁ።

ጥዑመልሳን


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአቶ ጥዑመልሳን፣

ውጤቱን ማወቅ ስለሚገባዎ እጽፋለሁ። ሜዳ አይደለም፤ ተራራ ነው። ጫፉ ግን አራት ሰዓት ላይ አይደለም። ገና ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞልቶ ይገኛል፤ ለአራት ሰዓት ምንም አይተርፍም። ሥሮቹም ከጧት ወደ ማታ እያደጉ ሄደዋል። ሩዙ ሰዓቱን ወደፊት አምጥቶታል፤ ሙቀቱ ሳይመጣበት ሴሎቹን ከፍሎ ይጨርሳል። ከዚያ ከሐሰቱ ሜዳ በጣም የሚበልጥ ነገር ነው። በኅዳር እጄ ላይ ሊሆን ይችል ነበር። ረታ በመጪው ሳምንት ይሄዳል፤ መሸኛ ጋብዞኛል።

ክረምቱ ከበጋው ስለሚለይ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ይደገማል፤ ቀኑም ያው 12 ነው። መመረቄ ለመጪው ዓመት ተላልፏል። በምስጋናው ገጽ የአቶ ዱዋል ስም አለ። የእርስዎ የለም። አውጪው ስላሉኝ አይደለም።

እኔ ያላየሁትን ስሥል ደብተሬን ቀድደው ነበር። እኔ የእርስዎን ምን ልቅደድ?

ፀዳለ ደሞዝ


አቦቦ፣ ኅዳር 13 ቀን 1989 ዓ.ም.

ፀዳለ፣

መልስ እንደማትጽፊልኝ አውቃለሁ፤ ይህ ከጥቅሉ ጋር የሚሄድ ማስረጃ ነው ብለሽ ውሰጂው። ልጄ ማለቱንም ትቼዋለሁ። ቀኑን መቀየር ትችዪ ነበር፤ አልቀየርሽውም። በዚህ አልወቅስሽም።

ዱዋል ቋሚ ሆኗል። እኔ እስከ ጥር ነኝ፤ ከዚያ ጡረታ ነው። ትናንት ጧት መጥቶ፣ «ጋሽ፣ ሰዓት መያዝ ስለት አለበት?» አለኝ። የለበትም አልኩት። ስለዚህ እኔ ሰዓቴን ይዤ እጠራለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። አሥራ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። ስድስቱ ብልቃጦች በሰዓታቸው የተሞሉ ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሚስቱ ሮጣ መጣች። ትንሿ ልጁ በወባ ተዝለፍልፋ ነበር። ዱዋል አንዴ እኔን፣ አንዴ የቀረውን ብልቃጥ አየ። ሂድ አልኩት። ምላጩን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ በመኪና ጋምቤላ አባትሽ ዘንድ አደረሷት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ። ምላጩ በእጄ ነበር፤ ሥሩ ፊቴ ነበር፤ በግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ልቆርጠው እችል ነበር። በማግስቱ፣ ማለት ዛሬ ጧት ቆርጬ የትናንት ነው ብዬ ልጽፍበትም እችል ነበር፤ እጄ ለምዶታል። አንዱንም አላደረግሁም። በብልቃጡ ላይ እንዲህ ጽፌበታለሁ፦ «ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት። አልተቆረጠም። ቆራጩ ልጁ ታማበት ሄደ፤ እዚህ የቀረሁት እኔ ደግሞ በዚህ ቀን አልቆርጥም። ጥዑመልሳን።»

ልጅቷ ዛሬ ጧት ዓይኗን መግለጧን ሹፌሩ ነግሮኛል። አባትሽ አጠገቧ አድሯል።

ባዶውን ብልቃጥ ከስድስቱ ጋር ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አምና መላክ የነበረብኝ እንዲህ ያሉ ሰባት ብልቃጦች ነበሩ።

ጥዑመልሳን